ቀዩን አፈር ሳታሽጉ አትብሱብን

ይድረስ ለወረዳችን ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት፣ ለዞኑ የውሃ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ከዲሲ ከዳላስ ከዱባይ ለሀገራችሁ ብር እያሰባሰባችሁ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ወሬው በቴሌግራም ደረሰኝ፣ ከጥምቀት በኋላ ሪግ (የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን) ይመጣል፣ እኛ እርከን (በገደሉ መሃል ያለው የመንደራችን ሜዳ) ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ቦታውም ተመርጧል ተባለ፤ ከምንጩ ትንሽ ከፍ ብሎ መኪና የሚደርስበት ሜዳ ላይ። እውነቴን ነው ደስ ብሎኛል፣ እናቶቻችን ጀሪካን አዝለው ገደል ሲወጡ ያየ ሰው ጉድጓድ አይጠላም። ግን እኔም እንጀራዬ ከሪግ ነው፣ ሳይት ላይ ቁፋሮው የሚያወጣውን ድንጋይ እየለየሁ ሎግ (በስንት ሜትር ላይ ምን እንደወጣ የሚያሳይ መዝገብ) የምጽፍ ሰው ነኝ፣ እና የተመረጠው ቦታ ላይ በተለመደው አሠራር ከተቆፈረ ጉድጓዱ ውሃ ቢያገኝ እንኳን ምንጩን ያደርቀዋል ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚ ለአንድ ሰው በስልክ ከማወራ ሁላችሁም እንድታዩት በግልጽ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ እርከኑ ራሱ ለምን እንደተፈጠረ እንነጋገር፣ ምክንያቱም የውሃው ነገር እዛ ውስጥ ነው ያለው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ መኪናው መስኮት ላይ ዝም ብላችሁ አትተኙ፣ ገደሉን እዩት። ጥቁር አለት፣ ከዛ ሜዳ፣ ከዛ ደግሞ ጥቁር አለት፣ ከዛ ሜዳ፣ እንዲህ እያለ እስከ ቆላው ይወርዳል። መንገድ ገደሉን በቆረጠበት ቦታ ደግሞ በሁለት ጥቁር አለት መሃል ቀጭን ቀይ መስመር ታያላችሁ፣ አንዳንዱ ጋ ክንድ አይሞላም፣ አንዳንዱ ጋ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጥቁሩ ባዛልት ነው፣ ላቫ የነበረ። የኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በላይ በላዩ በፈሰሰ ላቫ ነው የተሸፈነው፣ ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ከዛም በኋላ እንደ መገዘዝ ያሉት ተራሮች እሳተ ገሞራ በነበሩበት ጊዜ ከላይ ጨምረውበታል። ግን ሁሉም በአንዴ አልፈሰሰም። አንዱ ይፈስና ይቀዘቅዛል፣ ቀጣዩ እስኪመጣ ዘመን ያልፋል፣ በዛ መሃል ዝናብ ይዘንብበታል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ላዩ በስብሶ አፈር ይሆናል። አዲሱ ላቫ ሲመጣ ያንን አፈር ከነነፍሱ ቀብሮ በሙቀቱ ይጠብሰዋል። ቀዩ መስመር እሱ ነው፣ የተቀበረ ጥንታዊ አፈር፣ አብዛኛው ሸክላ የሆነ።

ጥቁሩ ጠንካራ ስለሆነ ቆሞ ገደል ሆኖ ይቀራል። ቀዩና በዙሪያው ያለው የበሰበሰው ክፍል ለስላሳ ነው፣ ጎርፉ እየበላው ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ከላይ ያለው አለት ድጋፍ ሲያጣ ይናዳል፣ ገደሉ እንዲ እንዲ እያለ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከፊቱ ሜዳ ይተዋል። ቤታችን፣ የገብስ ማሳችን፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም ያለው እዛ ሜዳ ላይ ነው። ኮንሶዎች ድንጋይ ደርድረው የሠሩት እርከን ሌላ ነገር ነው፣ ያ የሰው እጅ ነው፣ የኛን የሠራው ላቫና ጊዜ ነው።

አሁን ውሃው። አንድ የላቫ ንጣፍ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም፣ ይሄንን ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። መሃሉ ድፍን ነው፣ ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ ቁመታም ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ የቆመ፣ ድንጋዩ ራሱ ውሃ አይይዝም፣ ስንጥቁ ግን ውሃ ያወርዳል። ላዩ ደግሞ ሌላ ነው፣ የጋዝ አረፋ የነበረበት ቀዳዳ ቀዳዳ፣ የተሰባበረ፣ እዛ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማልም ወደ ጎንም ይሄዳል። ክረምት ላይ ከኛ በላይ ባለው አምባ ላይ የዘነበው ዝናብ በምሰሶዎቹ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቀዩ ሸክላ ጋ ሲደርስ ማለፍ ያቅተዋል፣ ወይ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚ ሸክላው ላይ ተኝቶ ወደሚያዘነብልበት ጎን ይሄዳል። ገደሉ ሸክላውን የቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ይወጣል። ለዚ ነው ምንጮቻችን ሁሉ ከገደሉ ሥር፣ ከእርከኑ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ተርታቸውን በአንድ ከፍታ የተሰለፉት። ልጅ እያለን ከብት ስንጠብቅ ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው ስንሄድ ዳገት የለውም ቁልቁለት የለውም፣ በአንድ ልክ ነው የምንሄደው፣ ቀዩን አፈር ተከትለን እንደሆነ ማን ነግሮን።

ከምንጩ የወጣው ውሃ ሁሉ ደግሞ በወራጁ አያልቅም። ከገደሉ የተናደው ድንጋይና አፈር እርከኑ ላይ ተከምሯል፣ ግማሹ ውሃ ተመልሶ እዛ ውስጥ ይሰርጋል፣ በዛ ምክንያት ነው የነ እትዬ ጓሮ በእጅ ሲቆፈር ሳይጠልቅ ውሃ የሚያወጣው፣ ከታች በእርከኑ አፋፍ ደግሞ እንደገና ይወጣና ለታችኛው መንደር ይደርሳል። ማለትም አንድ ውሃ ነው ሁለትና ሦስት መንደር የሚያጠጣው። ላይኛው ጋ የምትነኩት ነገር ታች ድረስ ይሰማል።

የዘንበሉ ነገርም ቀላል አይደለም። ንጣፎቹ ፍጹም ለጥ ብለው አልተኙም፣ በተለይ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ መሬቱ ተሰብሮ ተሰብሮ ወርዷል፣ እያንዳንዱ ስብራት ላይ ንጣፉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ስለዚ አንድ ተራራ አንዱ ጎኑ ምንጭ በምንጭ ሆኖ ሌላው ጎኑ ደረቅ ሊሆን ይችላል፣ ዝናቡ እኩል ዘንቦ። ላይ ላዩን የወረደው ጎርፍ ወደ ምዕራብ፣ ወደ በሬሳና ወደ ጀማ ከዛም ወደ አባይ ሲሄድ፣ ከሥር የሰረገው በተቃራኒው በምሥራቅ ገደል በኩል ሊወጣና ወደ አዋሽ ሊሄድ ይችላል። ካርታ ላይ በተራራው ጫፍ መስመር አስምራችሁ "ይሄ ተፋሰስ የኛ ነው" የምትሉት ለጎርፍ ይሠራል፣ ለከርሰ ምድር ውሃ ሁልጊዜ አይሠራም።

ዳይክ የሚባልም አለ፣ ላቫው ወደ ላይ ሲወጣ በስንጥቅ ውስጥ ቀዝቅዞ የቀረ ቀጥ ያለ አለት፣ እኛ አካባቢ በስምጥ ሸለቆው አቅጣጫ ተከታትለው ያልፋሉ። ይሄ ነገር መሬት ውስጥ እንደ ግድግዳ ነው የሚቆመው። በአንድ በኩል ውሃ ገድቦ ይይዛል፣ በሌላው በኩል ደረቅ ነው፣ እና ሁለት ጉድጓድ በጣም ተቀራርበው ተቆፍረው አንዱ ሞልቶ አንዱ አመድ ሲያወጣ ሰው "እርግማን ነው" ይላል። እርግማን አይደለም፣ ዳይክ ነው፣ ወይ ስብራት ነው። ቦታው ከመመረጡ በፊት አንድ ባለሙያ ገደሉን በእግሩ ቢዞርና የኤሌክትሪክ ሰርቬይ (ወደ መሬት ኤሌክትሪክ ልኮ ከሥር ያለውን የሚለይ ጥናት) ቢደረግ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ጎረቤት ቀበሌ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፣ መሥሪያ ቤቱንም ተቋራጩንም ስም አልጠራም፣ ሰው ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ለበዓል ሀገር ቤት ሄጄ ቁፋሮው ላይ ደረስኩ። ሪጉ ከምንጩ በላይ ነው የቆመው፣ ልክ አሁን እኛ ጋ እንደታሰበው፣ ምክንያቱም መኪና የሚገባው እዛ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ግራጫ ዱቄት ነበር፣ ድፍን ባዛልት፣ ሀመሩ ሲመታው መሬቱ እግራችሁ ሥር ይነጥራል። ከዛ ውሃ መጣ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ከዛ ጥቂት ሜትር እንደወረዱ የሚወጣው ነገር ቀላ፣ ሪጉ የሚነፋው አየር ዱቄት መትፋቱን ትቶ ጭቃ መግፋት ጀመረ፣ ቢቱን (የመቆፈሪያውን ጫፍ) ሲያወጡት ቀይ ሸክላ ጥርሱ ውስጥ ተሞልቶበታል፣ በጣቴ አሸት አደረኩት፣ ልስልስ ያለ ምንም አሸዋ የሌለው። ኦፕሬተሩን "ይሄኛው ጋ ከላይ ያለውን ውሃ ማሸግ አለብህ" አልኩት። "ወንድሜ የሚከፈለኝ በሜትር ነው፣ ዲዛይኑ ላይ የለም" አለኝ። አልፈርድበትም፣ ዲዛይኑ ላይ በእርግጥ አልነበረም።

ወረዱ፣ ሁለተኛ ውሃ አገኙ፣ ኬሲንጉን (የጉድጓዱን ቱቦ) አወረዱ፣ ስክሪኑን (ውሃ የሚያስገባውን ቀዳዳ ያለው የቱቦ ክፍል) ለላይኛውም ለታችኛውም ውሃ አደረጉት ብዙ ይውጣ ብለው፣ ዙሪያውን ከታች እስከ ላይ ጠጠር ሞሉት፣ አፉ ላይ ብቻ ትንሽ ሲሚንቶ ፈሰሰና ሪባን ተቆረጠ። በኋላ ሌላ ጊዜ ሄጄ ፓምፑ በቆመበት ሰዓት ጆሮዬን ኬሲንጉ አፍ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ሹሹሹ ይላል። ማንም ሳይቀዳው፣ ፓምፕ ሳይሠራ፣ ውሃ ከላይኛው ስክሪን እየገባ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀንና ሌሊት። ይሄ ማለት ምን መሰላችሁ፣ ያ ቀይ ሸክላ ለዘመናት ተሸክሞት የነበረው ውሃ ቀዳዳ ተበጅቶለት ወደ ታችኛው ንጣፍ እየፈሰሰ ነው። ምንጩ ጋ መድረስ የነበረበት ውሃ። በቀጣዩ በጋ ምንጩ ቀጠነ፣ ሚያዝያ ላይ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ደረቀ።

እዚጋ አንድ ሰው "የዛን ዓመት በልግ ስላልዘነበ ነው" ሊለኝ ይችላል፣ እውነትም በልጉ ደካማ ነበር። ግን በዛው ገደል ሥር፣ በዛው ቀይ መስመር ላይ፣ ራቅ ብለው ያሉት ሌሎቹ ምንጮች እንደ ድሮአቸው ነበሩ። ድርቅ ቢሆን ሁሉም እኩል ነበር የሚቀንሱት፣ አይደል? ደግሞም ጄኔሬተሩ ሲበላሽ መንደሩ ከሁለት ያጣ ሆነ፣ ጉድጓዱ አይሠራም፣ ምንጩ ቀጥኗል፣ እና ሴቶቹ ከድሮው በላይ ርቀው ወንዝ መውረድ ጀመሩ። ምንጭ ነዳጅ አይጠይቅም፣ መለዋወጫ አይጠይቅም፣ ምንጭ ገድለህ ፓምፕ መትከል ኪሳራ ነው።

ጥልቅ ጉድጓድ አያስፈልግም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ፋብሪካ በፋብሪካ የሆነችው ደብረ ብርሃን በምንጭ ብቻ አትኖርም፣ አዲስ አበባም የአቃቂን ጉድጓዶች ባታገኝ ምን ትሆን እንደነበር አስቡት። ግን አቃቂ ብዙ ውሃ የሚሰጠው ጥልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው ስኮሪያና የተሰነጣጠቀ ባዛልት ስለሆነ ነው። ስኮሪያ ያ ለመንገድና ለብሎኬት የሚጫነው ቀዳዳ ቀዳዳ ቀይ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ይይዛል፣ ሲጎትቱትም ይለቃል። እኛ ጋ ግን "በጠለቀ ቁጥር ይበዛል" የሚባለው ብዙ ጊዜ አይሠራም። በወረድን ቁጥር ላቫው ያረጀ ነው፣ ስንጥቁና አረፋው በሌላ ማዕድን ተደፍኗል፣ ነጭ ነጭ ፍሬ ሆኖ ከቁፋሮው ጋር ሲወጣ አየዋለሁ፣ ዜኦላይት ይባላል፣ እሱን ያየ ሎግ ጸሐፊ ፊቱ ይጠቁራል። ይሄ የታችኛው ክፍል አሸንጌ የሚል ስም ነው ያለው፣ ስሙን ያወጣው ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት ነው፣ ከነናፒየር ጦር ጋር መቅደላ ድረስ የመጣ፣ በ1860 ዓ.ም.። አጼ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣ ሠራዊት በሐሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያልፍ አንዱ ሰውዬ ድንጋይ እያየ ማስታወሻ ይይዝ ነበር፣ ዛሬም ሪፖርታችን ላይ የምንጽፈው እሱ ያወጣውን ስም ነው። ይሄ ከወሬው ወጣ ያለ ነው፣ ብቻ ሁሌ ይገርመኛል።

ከዛም በታች፣ እንደ ጀማ ሸለቆ ያሉ ቦታዎች ላይ ወንዙ ቆርጦ እንዳሳየው፣ አሸዋ ድንጋይና ኖራ ድንጋይ አለ፣ እዛ ውስጥም ውሃ ይኖራል። ግን ከኛ እርከን እዛ ለመድረስ የሚፈጀውን ብርና ያንን ሁሉ ሜትር ውሃ ወደ ላይ የሚገፋውን ፓምፕ አስቡት፣ የናፍጣውን ማን ሊከፍል ነው?

የውሃው ጥራት ላይ ብዙ አልቆይም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ ጥርስ ያበላሻል፣ አጥንት ያጎብጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ እዛ ብዙ ጉድጓዶች ያልፉታል። የኛ የደጋ ባዛልት ውሃ በዚህ በኩል በአብዛኛው ሰላም ነው። የኛ ችግር ሌላ ነው፣ በስንጥቅ የሚወርድ ውሃ ሳይጣራ ነው የሚወርደው፣ ከላይ አምባው ላይ ሽንት ቤት ከተቆፈረ ወይ ከብት ከዋለ ምንጩ ላይ ይመጣል። ምንጫችሁን ለማወቅ ላቦራቶሪ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት እዩት፣ ከደፈረሰ መንገዱ አጭር ነው ማለት ነው፣ ላይ የተጣለ ነገር ቶሎ ይደርሰዋል። የኛው ትልቁ ምንጭ አይደፈርስም፣ ኅዳር ላይ ውርጭ በሚሆንበት ጠዋት ደግሞ ይጨሳል፣ ሽማግሌዎቹ ጠበል ነው ይላሉ። እኔ የጠበሉን ነገር ለካህናቱ ትቼ የምለው፣ አየሩ በረዶ ሆኖ ውሃው ሙቀቱን ካልቀየረ ውሃው መሬት ውስጥ ረዘም ያለ ጊዜ ቆይቷል፣ ከጥልቅና ከሰፊ ቦታ ነው የሚመጣው። እንዲህ ዓይነቱን ምንጭ ነው እንግዲ ልንበሳ ያሰብነው።

አሁን ስለ ላይኛው አምባ። ውሃው የሚገባው እዛ ነው ብያለሁ፣ ግን አምባው ላይ ሁሉም ቦታ እኩል ውሃ አያስገባም። መረሬው ሜዳ በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በዛ ይገባሉ፣ ከዛ ሸክላው ያብጥና ይዘጋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ ታያላችሁ፣ እሱ እየሰረገ አይደለም። ውሃ የሚገባው አፈሩ ሳሳ ባለበት፣ ጥቁሩ ድንጋይ አፍጦ በሚታይበት ጉብታና በጅረቶቹ ሥር ነው። ማለትም ገበሬው "ጭንጫ ነው አያበቅልም" የሚለው መሬት፣ ለእርሻ የማይፈለገው፣ ለድንጋይ ካባ የሚሰጠው፣ እሱ ነው የምንጩ አናት። ካባ ሲከፈት ግሬደርና ሎደር ይገባል፣ ናፍጣና ዘይት ይፈሳል፣ ቀጥታ ስንጥቁ ውስጥ። ወረዳው ለካባ ፈቃድ ሲሰጥ ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ ጋር ይነጋገራል ወይ? እኔ እስካሁን ሲነጋገር አላየሁም።

ባህር ዛፍ ላይ ሁሉንም ጥፋት መጫን ፋሽን ሆኗል፣ እኔ አልስማማም፣ እናቶቻችን ኩበት እንዳያነዱ ያደረገው እሱ ነው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚላከውም በአጣናው ነው። ግን ምንጩ ዓይን ላይና ጭንጫው ጉብታ ላይ አትትከሉት፣ ሌላ ቦታ ሞልቷል። መንዝ ጓሳን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ የጓሳ ሣር፣ ቄሮ በሚባል የራሳቸው ሥርዓት ለዘመናት አጥረው የጠበቁት፣ መቼ ይታጨዳል መቼ ይዘጋል እየተባለ፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም እንደገና በማኅበረሰቡ እጅ የተያዘ። ለቤት ክዳንና ለግጦሽ ብለው ጠበቁት፣ ከሥሩ ግን ስንት ወንዝ ነው የሚነሳው። እኛ አባቶቻችን የሠሩትን ያህል ባንሠራ እንኳን አንዲት ጉብታ መከለል አያቅተንም።

ይሄን ስል ግን የተፋሰስ ልማት ዘመቻውን ሳትቀጥሉበት አንድ ነገር ስሙኝ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሕዝቡ ወጥቶ ትሬንች ይቆፍራል፣ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ኮታ ስለሆነ በየተገኘው ተዳፋት ላይ ይቆፈራል። ከገደሉ በላይ አምባው ላይ መቆፈር አንድ ነገር ነው፣ እርከኑ ላይ በተከመረው ናዳ አፈር ውስጥ፣ ከቤቶች በላይ፣ ውሃ እንዲሰርግ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ያ አፈር የተቀመጠው በምን ላይ ነው? በዛው በቀዩ ሸክላና በበሰበሰ ድንጋይ ላይ። ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ፣ መስከረም ላይ፣ ከክረምቱ በኋላ ደብረ ሲና አካባቢ ጣርማ በር ወረዳ ውስጥ መሬቱ ተንሸራቶ የስንቱን ቤትና ማሳ ይዞ እንደሄደ የምታስታውሱ አላችሁ። ደሴም ከጦሳ ሥር በየክረምቱ ስጋቱ አለባት። ምንጭ የሚሰጠን ነገር ነው መሬቱንም የሚያንሸራትተው፣ ሁለቱን ለይቶ ማየት አይቻልም። ስለዚ ከመንደር በላይ ባለ ናዳ አፈር ላይ ሥራው ውሃውን ማስረግ ሳይሆን በቦይ አሳልፎ ማውጣት ነው። ኮታው በሜትር መሆኑ ቀርቶ በቦታ ይሁን።

ወደ ጉድጓዱ ልመለስ፣ የምጠይቀውን ልናገርና ላብቃ።

ለጽሕፈት ቤቱ፦ ከተቻለ ቦታው ይቀየር። የታችኛው እርከን ላይ፣ ከምንጩ መስመር በታች፣ ቀዩ ሸክላ በገደል ተቆርጦ ባለቀበት በኩል ቢቆፈር የላይኛውን ውሃ ሳይነካ ሁለተኛውን ንጣፍ ያገኛል፣ ቁፋሮውም ያጥራል። አዎ መንገድ የለም፣ ግን ሕዝቡ መንገድ እጠርጋለሁ ካለ ምን ችግር አለው፣ ጠይቁት። ካልተቻለና የግድ እላይ ከተቆፈረ ደግሞ ዲዛይኑ ላይ ይጻፍ፦ ከቀዩ ሸክላ በላይ ስክሪን እንዳይገባ፣ ድፍን ኬሲንግ ይሁን፣ ጠጠሩ ከሸክላው በታች ይቁም፣ ከዛ በላይ ዙሪያው በሲሚንቶና በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) ይታሸግ፣ ያም ሲሠራ አንድ ሰው ቆሞ ይይ። ለተቋራጩ ለማሸጉ የሚከፈል ራሱን የቻለ ሂሳብ ይኑር፣ ያልተከፈለበትን ሥራ ማንም አይሠራም። ሎጉም ቀበሌው ላይ ይቀመጥ፣ እስከዛሬ በወረዳው የተቆፈሩት ጉድጓዶች ሎግ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ካለ ያሳየኝ፣ ተቋራጩ ላፕቶፕ ውስጥ ነው ያለው፣ ላፕቶፑም ከተቋራጩ ጋር ሄዷል።

ለናንተ ለውጭ ሀገር ወገኖቻችን፦ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጎፈንድሚ የላካችሁት ብር በሁለት ሥራ ሠርታችሁ ያጠራቀማችሁት እንደሆነ እናውቃለን። ብቻ የሪባኑን ፎቶ ብቻ አትጠይቁ። የፓምፕ ቴስቱን (ጉድጓዱ እየተቀዳ ምን ያህል ውሃ እንደሚሰጥ የሚለካበትን ሙከራ) ውጤት ጠይቁ፣ የማሸጊያውን ፎቶ ጠይቁ፣ የውሃውን ከፍታ መለኪያ ቀጭን ቱቦ አብሮ መግባቱን ጠይቁ፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከሌለ ግን ጉድጓዱ እየወረደ ይሁን እየሞላ ማንም አያውቅም። ብር የሰጠ ሰው ሲጠይቅ ይመለስለታል፣ እኛ ስንጠይቅ "እናጠናዋለን" እየተባልን እንመላለሳለን።

ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ምንጩ ከቁፋሮው በፊት ይለካ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ስልክ ይበቃል። ጀሪካኑ በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል ማለት ነው፣ ይቺ ትንሽ ትመስላለች አይደል? በቀን 43,200 ሊትር ናት። መንግሥት ለገጠር ሰው ያስቀመጠው በቀን 25 ሊትር ነው፣ ሌሊት የሚፈሰው በታንከር ከተያዘ ከ1,700 ሰው በላይ ትበቃለች። ብዙ ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ከመቆፈር ምንጩን አጎልብቶ ታንከር ሠርቶ በቧንቧ እስከ ቦኖ ማውረድ ይቀል ነበር፣ ማንም ቀድሞ ስላልለካ ነው እንጂ።

የመምህራኑን ልጆች አነጋግሬያለሁ፣ እነሱ ከአሁኑ ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሊለኩና ደብተር ላይ ሊጽፉ ተስማምተዋል። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ባለሙያ ቢልክልን የመጀመሪያውን ልኬት አብሮን ያድርግና ይፈርምበት፣ በኋላ "እናንተ ናችሁ የጻፋችሁት" እንዳንባል። እኔ ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት እረፍት ወስጄ እመጣለሁ፣ ገደሉን አብረን እንዙር፣ ቀዩ መስመር የት ጋ እንደሚያልፍ በቀለም ምልክት እናድርግበት፣ ሪጉ የት እንደሚቆም ከዛ በኋላ ይወሰን።

ከአክብሮት ጋር
የእርከኑ ተወላጅና የጉድጓድ ቁፋሮ ባለሙያ